ጀምሮ ማንጠልጠል

ነገሩ የጀመረው በ«ጭ» ነው። ትንሽ፣ አጭር፣ ጆሮ ካልሰጧት የማትሰማ «ጭ»። የምንሠራው መሣሪያ የተቀዳ የሰው ድምፅ ያጫውታል፤ «በሩ አልተዘጋም»፣ «ባትሪው እያለቀ ነው» ይላል። ድምፁ የተቀመጠው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለች ባለ ስምንት እግር ፍላሽ ቺፕ ላይ ነው። መሣሪያው ውሎውን የሚመዘግብበት ሎግም እዚያው ላይ ነው። አንድ ቺፕ፣ ሁለት ጌታ። እና አልፎ አልፎ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ድምፁ መሃል ላይ «ጭ» ብሎ ይቆረጥና ይቀጥላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስፒከሩን ነው። ከዚያ አምፕሊፋየሩን። ከዚያ ፓወሩን። ሁለት ቀን ኦሲሎስኮፕ ታቅፌ ዋልኩ፤ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር ፍለጋ ሎጉን ሳገላብጥ፣ «ጭ» ያለበት ሰዓትና ሎጉ አንዱን ሴክተር (ቺፑ ከተከፋፈለባቸው ክፍሎች አንዱን) ሞልቶ ወደሚቀጥለው የተሻገረበት ሰዓት አንድ ሆነው አገኘኋቸው። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ከዘጠኝ ግን አጋጣሚ አይባልም።

ወደ አዲስ ሴክተር መሻገር ማለት ያንን ሴክተር መጀመሪያ ማጥፋት፣ በእኛ ቋንቋ ኢሬዝ ማድረግ ማለት ነው። ቺፑ ኢሬዝ ላይ ሲሆን ደግሞ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ አንብብልኝ ብትሉት አይሰማም። ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ድምፁ በሰከንድ 16 ሺህ ናሙና ነው፤ እያንዳንዱ 2 ባይት። በሰከንድ 32 ሺህ ባይት ይበላል ማለት ነው። ራም ላይ ያለኝ በፈር፣ ማለትም ድምፁ ከመጫወቱ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ፣ ሁለት ባለ 512 ባይት ነው፤ 32 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያስኬዳል። ዳታሺቱ (የቺፑ አምራች የሚያወጣው መግለጫ) ደግሞ 4 ኪሎባይት ሴክተር ለማጥፋት በተለምዶ 45 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል ይላል። የ32 ሚሊ ሰከንድ ስንቅ ይዞ የ45 ሚሊ ሰከንድ መንገድ። «ጭ» ያለው ረሃቡ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ኢሬዝን እንደ ተራ ትእዛዝ ነበር የማየው። አንብብ፣ ጻፍ፣ አጥፋ፤ ሦስት ወንድማማቾች። ዳታሺቱ ላይም ጎን ለጎን ተደርድረው ነው ያሉት። ጊዜያቸውን ስታዩ ግን አይገናኙም። ማንበብ በማይክሮ ሰከንድ ያልቃል። 256 ባይት ያለው ፔጅ መጻፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ማጥፋት ግን በአሥር፣ ሲከፋም በመቶ ሚሊ ሰከንድ ይቆጠራል። ያው ዳታሺት «በተለምዶ 45» ካለው አጠገብ «ቢበዛ 400» ይላል። እኔ 400ውን አይቼ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ማን ያየዋል?

ለምን እንደሚዘገይ ለመረዳት አንድ ሴል፣ ማለትም አንድ ቢት (0 ወይም 1) የሚቀመጥበት ቦታ፣ ውስጥ መግባት አለብን። ፍላሽ ላይ ቢቱን የሚይዘው ትራንዚስተር ነው። ከተራው ትራንዚስተር የሚለየው ፍሎቲንግ ጌት የሚባል ቁራጭ ስላለው ነው፤ ከየትኛውም ሽቦ ጋር አልተገናኘም፣ ዙሪያውን መስታወት በመሰለ ኦክሳይድ ታሽጓል። ኤሌክትሮን አንዴ እዚያ ከገባ መውጫ የለውም። ኃይል ብታጠፉም እዚያው ነው። ሐሳቡን ዳዎን ካንግ እና ሳይመን ዜ እ.ኤ.አ. በ1967 ቤል ላብስ ውስጥ አወጡት፤ ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ የሚኖረው በዚያ ሐሳብ ላይ በተሠራ ነገር ነው። እኔ የምጠቀመው ቺፕ ዓይነት ላይ ኤሌክትሮን የታሰረበት ሴል 0 ሆኖ ይነበባል፤ ያልታሰረበት 1። ስለዚህ ባዶ ፍላሽ ዜሮ አይደለም። ባዶ ፍላሽ ሁሉም 1 ነው። አዲስ ቺፕ ገዝታችሁ ብታነቡት ከላይ እስከ ታች ኤፍኤፍ፣ ኤፍኤፍ፣ ኤፍኤፍ ነው የሚላችሁ፤ ኤፍኤፍ ማለት የአንድ ባይት ስምንቱም ቢት 1 ነው ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ቀን «ቺፑ ተበላሽቷል» የሚለው እዚህ ጋ ነው። እኔም ብያለሁ።

መጻፍ ማለት 1ን ወደ 0 ማውረድ ነው። 0ን ወደ 1 በመጻፍ መመለስ አይቻልም። ለመመለስ ኤሌክትሮኑን ከታሸገበት ማውጣት ያስፈልጋል፣ ያ ነው ኢሬዝ። ኦክሳይዱ ወደ 10 ናኖሜትር የሚጠጋ ውፍረት አለው። ኤሌክትሮኑ አይሰብረውም፣ አይዘለውም፤ ጠንካራ የኤሌክትሪክ መስክ ሲጎትተው እንዲያው በውስጡ ያልፋል። ፎውለር-ኖርድሃይም ተነሊንግ ይባላል፣ ከኳንተም ዓለም የመጣ ጉድ ነው። ያን መስክ ለመፍጠር ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። ቺፑ ግን ከእኔ የሚያገኘው 3.3 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ውስጡ ቻርጅ ፓምፕ የሚባል ነገር አለ፤ ትንሿን ቮልቴጅ በትንንሽ ካፓሲተሮች እየተቀባበለ ሽቅብ ያወጣታል። ባልዲ በባልዲ ታንከር እንደ መሙላት። ወዲያው አይሞላም።

ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ብርሃን ነበር። ዶቭ ፍሮማን እ.ኤ.አ. በ1971 ኢንቴል ውስጥ ያወጣው ኢፒሮም የሚባል ሜሞሪ ጀርባው ላይ ከኳርትዝ የተሠራ ትንሽ መስኮት አለው። ማጥፋት ስትፈልግ ከሶኬቱ ትነቅለዋለህ፣ አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ታስቀምጠዋለህ፣ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ትጠብቃለህ። ሃያ ደቂቃ! በአንድ ፊደል ስህተት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1984 የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ ብዙ ሴሎችን በአንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚያጠፋ ሜሞሪ ይዞ ቀረበ። ስሙን «ፍላሽ» ያሉት የሥራ ባልደረባው ሾጂ አሪይዙሚ መሆናቸው ይነገራል፤ ሁሉም በአንዴ ሲጠፋ የካሜራ ፍላሽ አስታወሳቸው። እንግዲህ እኔ 45 ሚሊ ሰከንድ ረዘመብኝ ብዬ የማማርርበት ነገር ስሙን ያገኘው ከፍጥነቱ ነው።

«በአንድ ጊዜ» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ችግሩ በሙሉ እዚያ ነው ያለው። ባይት በባይት የሚጠፋ ኢኢፒሮም የሚባል ሜሞሪ አለ። ለዚያ ግን በየሴሉ ተጨማሪ መምረጫ ትራንዚስተር ያስፈልገዋል፤ ቦታ ይበላል፣ ዋጋው ይንራል። ፍላሽ ያንን ትራንዚስተር ጣለው። በምትኩ ሴሎቹ መሬታቸውን ይጋራሉ፤ ከሥር ያለው ሲሊከን የጋራ ነው፣ የማጥፊያው ቮልቴጅ ለጋራው ነው የሚሰጠው። አንድ ባይት ለማጥፋት ጎረቤቱን ሁሉ ማጥፋት አለብህ። ርካሽነቱን የገዛነው በዚህ ነው።

ደግሞ ኢሬዝ አንድ ምት ብቻ አይደለም። እኔ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ፤ ቮልቴጅ ከፍ፣ ቮልቴጅ ዝቅ፣ አለቀ። ኖር በሚባለው የፍላሽ ዓይነት (የእኔዋ ቺፕ ኖር ናት) ውስጥ ያለው ትንሽ ማሽን መጀመሪያ ሴክተሩን በሙሉ 0 አድርጎ ይጽፈዋል። ሊያጠፋው መጀመሪያ ይሞላዋል! ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ልክ ነው። ቀድሞ ባዶ የነበረውን ሴልና ኤሌክትሮን የሞላበትን ሴል እኩል ብትጎትታቸው፣ ባዶው ከልክ በላይ ይራቆታል። ከልክ በላይ የጠፋ ሴል ደግሞ ሳይጠሩት የሚመልስ ሴል ይሆናል፤ ማንም ሳያነበው ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ በአንድ መስመር ላይ ያሉትን ጎረቤቶቹን ንባብ ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉም አንድ መነሻ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ የማጥፊያ ምት። ከዚያ ፍተሻ፣ 4 ኪሎባይት ማለት 32,768 ቢት ነው፣ ሁሉም 1 ሆኗል ወይ? አንድ ሰነፍ ሴል ካለ እንደገና ምት። እንደገና ፍተሻ። በመጨረሻም ከልክ በላይ የሄዱ ካሉ በቀስታ ይመልሳቸዋል። 45 ሚሊ ሰከንዱ የዚህ ሁሉ ድምር ነው። ቺፑ ሲያረጅ ኦክሳይዱ ውስጥ ኤሌክትሮን እየተወሸቀ ስለሚቀር ምቶቹ ይበዛሉ። 400ው የመጣው ከዚያ ነው።

እሺ፣ ወደ «ጭ» እንመለስ።

ራም ላይ በፈሩን ማሳደግ አልችልም ነበር፣ ራሙ ሞልቷል። ሁለተኛ ቺፕ መጨመር አልችልም፣ ቦርዱ ታትሟል። ዳታሺቱን እንደገና ከፈትኩ፤ ሁሌም የምዘለው ገጽ ላይ «ኢሬዝ ሰስፔንድ» የሚል ትእዛዝ አገኘሁ። በሄክሳ (በ16 መሠረት በሚቆጠር ቁጥር) 75። አንድ ባይት ነው። ኢሬዝ እየሄደ 75 ትልክለታለህ፣ ቺፑ ሥራውን ያቆማል፣ ከሌላ ሴክተር የምትፈልገውን ታነባለህ፣ ከዚያ 7ኤ ትልካለህ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሪዙም ይሉታል። በአማርኛ «ማቋረጥ» ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን አይሆንም። የተቋረጠ ነገር ያበቃለት ነገር ነው። ይኼ ግን ማንጠልጠል ነው። ሴክተሩ አልጠፋም፣ አልዳነም። እዚያ መሃል ላይ ተንጠልጥሏል።

ቺፑ 75 ሲደርሰው እንደ መብራት ማጥፊያ ጠቅ ብሎ አይቆምም። የሚንቀለቀል ቮልቴጅ ላይ ነው ያለው፤ መጀመሪያ እሱን ያፈሳል። ሴሎቹን ወደ ሰላማዊ ሁኔታ ይመልሳል። የቱ ጋ እንደደረሰ ለራሱ ይመዘግባል፣ መሙላት ላይ ነበርኩ፣ ምት ላይ ነበርኩ፣ ፍተሻ ላይ ነበርኩ እያለ። የማንበቢያውን ሰርኪዩት ያነሳል። ለዚህ ሁሉ በእኔ ቺፕ እስከ 20 ማይክሮ ሰከንድ ይፈቀድለታል። 45 ሚሊ ሰከንድ ከመጠበቅ 20 ማይክሮ ሰከንድ መጠበቅ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ያጥራል። ኮዱን በአንድ ከሰዓት ጻፍኩት። ድምፁ በፈሩ ግማሽ ሲደርስ፣ ማለትም በየ16 ሚሊ ሰከንዱ፣ ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያስነሳ ጥሪ) ይመጣል፤ ኢሬዝ ካለ አንጠልጥል፣ 512 ባይት አንብብ፣ አስቀጥል።

«ጭ» ጠፋች። ደስ አለኝ። ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መጀመሪያ የመጣው ችግር ከመቶ አንዴ እንኳን የማይታይ ነበር። መሣሪያው ድርቅ ብሎ ይቆምና ዋችዶጉ (ፕሮሰሰሩ ሲደርቅ እንደገና የሚያስነሳው ጠባቂ) ያስነሳዋል። በሽቦው የሚያልፈውን ባይት የሚያሳየኝን የሎጂክ አናላይዘር መስመር ቺፑ ላይ ሰክቼ ጠበቅኩ። ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። 06፣ ለመጻፍ ፍቀድ። ከዚያ 20 እና ሦስት ባይት አድራሻ፣ ሴክተሩን አጥፋ። ከዚያ 05 እየላኩ ሁኔታውን መጠየቅ፤ መልሱ 03፣ 03፣ 03። ይህ ማለት «ሥራ ላይ ነኝ» ነው። ከዚያ 75። ከዚያ 35 እየላኩ የሁለተኛውን ሬጂስተር (ቺፑ ሁኔታውን የሚያስቀምጥበትን ባይት) ላይኛ ቢት መጠየቅ፤ ተንጠልጥሏል ከሆነ ያቺ ቢት 1 መሆን አለባት። መልሱ ግን 0፣ 0፣ 0፣ 0። ለዘላለም 0። ሁለት ጊዜ ዓይኔን አሸሁ። ከዚያ ገባኝ፦ የእኔ 75 ከመድረሷ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ቀደም ብሎ ኢሬዙ አልቋል። የሚንጠለጠል ነገር የለም፣ ቺፑም ትእዛዙን ችላ ብሎታል፣ ልክ ነው። እኔ ደግሞ «ተንጠልጥያለሁ» እስኪለኝ ድረስ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ቤቱ ባዶ ነው። አንድ መስመር ኮድ ነበር የጎደለው፦ መጀመሪያ ሥራ መጨረሱን እይ፣ ከዚያ ተንጠልጥሎ እንደሆነ ጠይቅ፣ ካልተንጠለጠለ 7ኤ አትላክ።

ይኼን አስተካከልኩ። ከዚያ ከድጡ ወደ ማጡ።

በኋላ መሣሪያው ላይ ትንሽ ስክሪን ተጨመረ። የፊደላቱ ቅርጽ የት ይቀመጥ? ያው ፍላሹ ላይ። ስክሪኑን የሚጽፈው ኮድ እያንዳንዱን ፊደል ሲያወጣ 32 ባይት ያነባል። አንድ መስመር ጽሑፍ ሃያ ፊደል ነው፣ ስክሪኑ ደግሞ ሲንሸራተት ሳያቋርጥ ይሳላል። እኔ የጻፍኩት ድራይቨር (ቺፑን የሚያዝዘው ኮድ) ጨዋ ነው፣ ለጠየቀው ሁሉ ያንጠለጥላል። ለፊደል «በ» አንጠልጥል፣ አንብብ፣ አስቀጥል። ለፊደል «ሩ» አንጠልጥል፣ አንብብ፣ አስቀጥል። በመካከላቸው ኢሬዙ የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት አሥር ማይክሮ ሰከንድ ነው።

ውጤቱ? 45 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጀው ኢሬዝ ሁለት ሰከንድ ሄደ። አምስት ሰከንድ ሄደ። አላለቀም። ስክሪኑ ሲቆም ያልቃል፣ ስክሪኑ ከቀጠለ አያልቅም። ሎጉ መጻፍ አቃተው፣ ሰልፉ ተከማቸ፣ ዋችዶጉ ነቃ፣ መሣሪያው ተነሣ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ቺፑ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቺፕ ቀየርኩ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ የአናላይዘሩን ስክሪን ለትንሽ ጊዜ አየና «ወንድሜ፣ እንዲሠራ መቼ ፈቀድክለት?» አለኝ። ሌላ አላለም። ሻዩን ይዞ ሄደ። ሞቅ አለኝ፣ ያናድዳል፣ ግን እውነቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የማጥፊያ ምት ወዲያው አይጀምርም። 7ኤ ሲደርሰው ፓምፑ ያን የፈሰሰ ቮልቴጅ እንደገና መሙላት አለበት፣ መስመሮቹ እንደገና መነሣት አለባቸው። ገና ሽቅብ እየወጣ እያለ 75 ስትልክበት ያወጣውን መልሶ ያፈሳል። ሥራ ሳይሠራ ዝግጅት ብቻ። አንዳንድ ዳታሺት ይኼን በግልጽ ይጽፈዋል፤ ከሪዙም እስከ ሚቀጥለው ሰስፔንድ ዝቅተኛው የሚፈቀደው ጊዜ በናኖ ሰከንድ የሚቆጠር ሆኖ፣ ከሥሩ በትንሽ ፊደል ግን «ኢሬዙ ወደፊት እንዲሄድ» በተለምዶ 100 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል ይላል። ሁለቱን ልዩነት አስተውሉ። የመጀመሪያው ቺፑ የሚታገሠው ነው። ሁለተኛው ሥራው የሚያልቅበት ነው። እኔ የመጀመሪያውን አንብቤ ነበር ኮድ የጻፍኩት።

ይኼ የእኔ ብቻ ሞኝነት እንዳልሆነ ሳውቅ ትንሽ ተጽናናሁ። የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ የፍላሽ ድራይቨሮቹ ኮድ ጋ ሄዳችሁ ብታነቡ፣ ለአንዳንድ ቺፖች ከሪዙም በኋላ ሆን ተብሎ የተጨመረ መዘግየት ታገኛላችሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ልክ እንደ እኔ ስክሪን ላይ አፍጥጦ አድሯል ማለት ነው። ትልልቆቹ ኤስኤስዲዎችም (ከፍላሽ የተሠሩ የኮምፒውተር ዲስኮች) ከዚህ አያመልጡም። እነሱ ናንድ የሚባለውን ዓይነት ነው የሚጠቀሙት፤ አንድ ብሎክ ማጥፋት ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፣ አንድ ፔጅ ማንበብ ግን በአሥሮች ማይክሮ ሰከንድ ነው የሚለካው። አንድ ምስኪን ንባብ ከኢሬዝ ኋላ ከተሰለፈች አለቀላት። ስለዚህ የኤስኤስዲው ፈርምዌር (ውስጡ ያለው ፕሮግራም) ኢሬዙን እያንጠለጠለ ንባቡን ያሳልፋል፤ ግን ስንት ጊዜ ሊያንጠለጥል እንደሚችል ራሱ ላይ ገደብ ያበጃል። ገደቡ ላይ ከደረሰ ንባብ ቢያለቅስም ኢሬዙ ይጨርሳል። (ደግሞ ፋይል «ደለት» ስታደርጉ ኢሬዝ የሚደረግ ከመሰላችሁ፣ አይደለም። ስሙ ብቻ ነው የሚሰረዘው። ኢሬዙ ድራይቩ ቦታ ሲያስፈልገው፣ በራሱ ሰዓት ነው የሚመጣው። ይኼ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

እኔ ጋ መፍትሔው አጠያየቁን መቀየር ነበር። ስክሪኑን ጠየቅኩት፦ ፊደልህ 16 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ማን ያያል? ማንም። ስለዚህ ኢሬዝ እየሄደ ከሆነ ስክሪኑ ፊደሎቹን ጠይቆ ይጠብቃል። በየ16 ሚሊ ሰከንዱ ድምፁ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ አንዴ ይንጠለጠላል፣ ድምፁም ስክሪኑም ሌላውም የፈለገውን ሁሉ በአንድ በር ገብቶ ያነባል፣ ከዚያ ይቀጥላል። አሥራ አምስት ሚሊ ሰከንድ ገደማ ቺፑ ለራሱ ብቻ ይሠራል። ኢሬዙ ወደ ሃምሳ ሚሊ ሰከንድ ተመለሰ።

በዚህ መሃል የተማርኳቸው ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። የተንጠለጠለውን ሴክተር ራሱን አታንብቡ፤ መልስ ይሰጣችኋል፣ ግን መልሱ ምንም ማለት አይደለም። ብዙ ቺፖች ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሌላ ሴክተር ላይ መጻፍ ይቻላል፣ ሁለተኛ ኢሬዝ መጀመር ግን አይቻልም። ሙሉ ቺፑን የሚያጠፋው ትእዛዝ ደግሞ በአብዛኛው አይንጠለጠልም፤ እሱን ከጀመራችሁ ተቀምጦ መጠበቅ ነው፣ በሰከንዶች ይቆጠራል።

ጠልቆ የጎዳኝ ግን ዳግም መነሣት ነው። ዋችዶጉ ፕሮሰሰሩን ሲያስነሣ ፍላሹን አያስነሣም። ፕሮሰሰሩ ሁሉን ረስቶ እንደ አዲስ ይነቃል፤ ቺፑ ግን ኃይሉ ስላልተቋረጠ እዚያው ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ቀጥል የሚለው ሰው ግን ማስታወሻውን ጥሏል። አዲሱ ኮድ ማጥፋት ሲሞክር ቺፑ አይቀበልም፤ ኮዱም አልተቀበለኝም ብሎ አይጠይቅም፣ ወደ መጻፍ ይሄዳል፣ በአሮጌ ነገር ላይ አዲስ ነገር ይጽፋል። 1 ወደ 0 ብቻ ነው የሚሄደው ብዬ አልነበር? ሁለቱ ተደርበው የማንም ያልሆነ ነገር ይሆናሉ። አሁን መሣሪያው ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ያቺን ቢት መጠየቅ ነው። ተንጠልጥለህ ነበር? ከሆነ ቀጥልና ጨርስ።

ኃይል ጭራሽ ሲቋረጥስ? ይኼን ለመፈተሽ ኃይሉን በዘፈቀደ የሚቆርጥ ሪሌይ ሠርቼ ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት። ጠዋት ስመጣ አብዛኞቹ ሴክተሮች ወይ ንጹሕ ወይ በግልጽ የተበላሹ ነበሩ፣ ያ ጥሩ ነው፣ ይታወቃል። አንዱ ግን ጠዋት ሳነበው በሙሉ ኤፍኤፍ አለኝ። ባዶ፣ ንጹሕ። ከምሳ በኋላ ቦርዱ ሞቆ ሳነበው ሦስት ቢት 0 ሆነዋል። ማንም አልነካውም። ግማሽ መንገድ የወጡ ኤሌክትሮኖች፣ 1 ለመባል የበቁ ግን ያልጠነከሩ፤ ሙቀቱ ትንሽ ሲለዋወጥ ሐሳባቸውን የሚቀይሩ። ኤፍኤፍ ማንበብ ጠፍቷል ማለት እንዳልሆነ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ስለዚህ ኢሬዝ ሲጀምር ሌላ ሴክተር ላይ «ጀምሬያለሁ» የሚል አንድ ቃል እጽፋለሁ፤ ሲያልቅ «ጨርሻለሁ»። ስነሣ ጀምሬያለሁ ብቻ ካገኘሁ፣ ይዘቱ ምንም ቢመስል አላምነውም፣ ከመጀመሪያው አጠፋዋለሁ።

ያቺን የሙከራ ቦርድ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫታለሁ። ሆን ብዬ አንድ ሴክተር ላይ እያመላለስኩ ዳታሺቱ ከሚፈቅደው 100 ሺህ ኢሬዝ በላይ አስሮጥኳት። ድምፁ እየተጫወተ በእያንዳንዱ ኢሬዝ ስንት ጊዜ እንደተንጠለጠለ ትቆጥርና ወደ ስክሪኑ ታወጣለች። አዲስ እያለች 2 ወይም 3 ነበር የምትለው። ዛሬ ጠዋት ስገባ 11 ትላለች። ድምፁ ግን አልተቆረጠም።